ልጄን “ትረፍ” ለምትሉ

በዚህ ሰፈር እንደ ልጄ እረፍት የታዘዘለት ሰው አላውቅም። ጎረቤት ያያትና “ትረፍ” ይላል። ቸርች ስንሄድ “ትረፍ” ይላሉ። ትምህርት ቤቱ ጭራሽ በደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ “ትረፍ” ብሏል። ከምኑ ነው የምታርፈው? ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣ የኖረች ልጅ ከመቀመጥ እንዴት ተደርጎ እንደሚታረፍ የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። ይህን ስም ያገኘነው ከሐኪም ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ ያወጣላት ሌሎች ስሞች ነበሩ፣ በእነሱ ወረቀቴን አላቆሽሽም። ቀለም ትለያለች። ነጠላ ስታጣጥፍ ጥለቱን ወደ ላይ ታደርጋለች። ቤት ውስጥ ሰው ሲከፋው ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። እስከ አሥርም ትቆጥራለች፤ ሰባትን ግን አትወደውም። ስድስት ትልና ስምንት ትላለች። ሰባት ምን እንዳደረጋት ብጠይቃት “ክፉ ነው” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኳትም።

እኔ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ሸማኔ ነው፤ በልጅነቱ ከጋሞ መጥቶ እዚሁ ቀረ። የምንኖረው ከገበያው በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ትምህርት ቤቷ ከታች ነው። ጉለሌ ውስጥ “እዚሁ ቅርብ ነው” የተባለ ቦታ ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ይህን የምናገረው ለወሬ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዳገቱ ስለሆነ ነው።

በሰው ከመፍረዴ በፊት በራሴ ልፍረድ። መጀመሪያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

እስከ አሥራ አራት ዓመቷ ድረስ ቀኑን የምታሳልፈው ሱቄ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ የተጣጠፈ ጋቢ ላይ ተቀምጣ ነበር። መንገዱን ፈራሁ። ታክሲውን ፈራሁ። አካሄዷን እያስመሰሉ የሚከተሏትን የሰፈር ልጆች ፈራሁ። ከሁሉ በላይ የሰው ዓይን ፈራሁ፤ መናገሩ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው። ስትነጫነጭ ብስኩት እሰጣታለሁ። ብስኩቱ ሲያልቅ ለስላሳ እከፍትላታለሁ። ዝም ካለች ደህና ናት ብዬ ወደ ደንበኞቼ እዞራለሁ። ደንበኞቼም “እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!” ይሉኛል። በጨዋነቷ እኮራ ነበር።

ጨዋዋ ልጄ ወፈረች። ከሱቅ ወደ ቤት ስንወጣ ዳገቱ ላይ አራት ጊዜ ትቆማለች። ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። እንቅልፍ እምቢ አላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የገዛ እጇን መንከስ አመጣች፤ አውራ ጣቷ ሥር ጠባሳ በጠባሳ ሆነ። እኔ “ያው በሽታዋ ነው” አልኩ። ስለ ልጄ ያልገባኝን ሁሉ “በሽታዋ ነው” በምትል ከረጢት ውስጥ እከት ነበር። ሰፊ ከረጢት ናት፣ ሁሉንም ትችላለች።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ልቧን አዳመጠች፣ ክብደቷን ለካች፣ የተነከሰውን እጅ አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

“ቀን ቀን ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?”

“ትቀመጣለች።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ... ትቀመጣለች።”

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “እናቴ፣ እርስዎስ ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ቢቀመጡ እጅዎን አይነክሱም?”

ተቆጥቼ ወጣሁ። “ወልዳ ያላሳደገች ምን ታውቃለች!” እያልኩ እስከ ቤት ድረስ ሳጉረመርም ሄድኩ። ሦስት ቀን ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን ለደንበኛ ጋቢ ላወርድ ወደ መደርደሪያው ስዞር አየኋት፤ ከሸቀጦቼ መሃል ተቀምጣ፣ ብስኩቷን ይዛ፣ ሰው ሲያልፍ በዓይኗ ትሸኛለች። ቁጣዬ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። ያን ዓመት ትምህርት ቤት አስገባኋት።

ትምህርት ቤቱ እንደ እሷ ላሉ ተማሪዎች አንድ ክፍል አለው፤ “ልዩ ፍላጎት” ይሉታል። ከግቢው መጨረሻ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጎን ነው። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። በሩ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራም ማክሰኞና ሐሙስ “ስፖርት” ይላል። ስፖርት በሚልበት ሰዓት ግን ልጆቹ ቁጭ ብለው ሥዕል ይቀባሉ። ለምን ሲባል፣ ሜዳው ተይዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞም ሐሙስም፣ ሜዳው ተይዞ ነበር። የክፍሉ መምህርት ብቻዋን አሥራ ሁለቱን ይዛ የምትደክም ደግ ሴት ስለሆነች እሷን አልወቅስም።

ከዚያ አዲስ የስፖርት መምህር ተመደበ። ገና ጢም ማብቀል የጀመረ፣ ከወገቡ ፊሽካ የማይለይ ወጣት ነው። አንድ ማክሰኞ በዚያ ሲያልፍ ፕሮግራሙን አነበበ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና “እነዚህ ለምን ተቀመጡ?” አለ። መልስ ሳይጠብቅ ይዟቸው ወጣ።

የመጀመሪያ ቀን ልጄ የሜዳውን ሩብ ያህል ሄዳ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ጎትቶ አላስነሳትም። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ። ሲነሳ ተነሳች። ትንሽ ሄዳ ደግማ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተቀመጠ። በአጥር ቀዳዳ እያየሁ ነበር፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ክፍለ ጊዜው አለቀ። “ትንሽ ቀረሽ! ጎበዝ!” እያለ ነበር የሚያዞራት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በወራት ነው የምነግራችሁ፣ በአንድ ሌሊት የተለወጠ ነገር የለም። መጀመሪያ እንቅልፍ መጣላት። ማክሰኞና ሐሙስ እራቷን ሳትጨርስ ዓይኗ ይከደናል። ቀጥሎ ዳገቱ ላይ አራቱ ማረፊያ ሦስት ሆነ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሁለት ሆነ፣ ከሰል መሸጫው ጋ አንድ ብቻ ቀረ። እጇ ላይ ያለው ቁስል ደረቀ። ጫማዋን ማሰር ተማረች፤ ሦስት ዓመት በእኔ እጅ እምቢ ያላት ቋጠሮ ነው። የክፍሉ መምህርት “ከሜዳ ሲመለሱ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል፣ ሌላ ቀን እንዲህ አይደሉም” አለችኝ። ከማንም ጋር የማይነጋገር አንድ ልጅ ከልጄ ጋር ብቻ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሮጥ ጀመረ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ ከሰል መሸጫውን ዘልቃ ሄደች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጉልበቴን ይዤ፣ እያለከለክሁ ከታች ቆሜያለሁ። “ትንሽ ቀረሽ! ጎበዝ!” ብላ ጮኸችብኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ቸርች ስነግራቸው ደስታዬን የተካፈሉኝ ነበሩ። አንዲት እህት ግን እጄን ይዛ “ለፈውሷ እየጸለይን ነው፣ ባታደክሟት መልካም ነው። ትረፍ” አለችኝ። “ጸልዩ፣ አሜን” አልኳት። “ስትጸልዩ ግን ለዳገቱም ጨምሩ፣ እሱን በእግሯ ነው የምትወጣው።” ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ብሏል። ይሁን።

ይህ ሁሉ በሄደበት ወቅት ነው አንድ ሐሙስ አንደኛው ልጅ ሮጦ ሲመለስ ተደናቅፎ የፊት ጥርሱን የሰበረው። እናቱ መጥታ አፉን አጥባ፣ “ልጅ ነው፣ ይወድቃል” ብላ ወሰደችው። ትምህርት ቤቱ ግን አላለፈውም። በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰን፤ ለተማሪዎቹ ደኅንነት ሲባል የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ቆሞ ተማሪዎቹ በክፍላቸው እንዲያርፉ ተወስኗል ይላል።

ስብሰባ ጠሩን። ርዕሰ መምህሩ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ክራቫቱን የማያላላ ሰው ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ሰው እንዳይወቅሰው የሚፈራ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ከክፉው ይልቅ ያስቸግራል። ከወላጅ ኮሚቴው አንድ አባት ተነስተው፣ “እ... ማለቴ፣ እነዚህ ልጆች ስፖርት ቢሠሩ ምን ይጠቅማቸዋል? ለውድድር አይደርሱ። በቃ፣ ሰላማቸውን አግኝተው ይረፉ” አሉ።

ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

“የእርስዎ ልጅ ስፖርት የሚሠራው ለኦሎምፒክ ነው?”

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። “ባለፈው ሳምንት ኳስ ሲጫወት ክንዱን የተሰበረ ልጅ አለ፤ በጄሶ ነው የሚማረው፣ ሁላችሁም አይታችሁታል። ኳስ ተዘጋ? አልተዘጋም። እሱ ሲሰበር ‘ኳስ ነው፣ ያጋጥማል’ ተባለ። የኛ ልጅ ጥርስ ሲሰበር ‘ይረፉ’ ተባለ። ልጄ እኮ መተንፈስ የጀመረችው በቅርብ ነው! መተኛት የጀመረችው በቅርብ ነው! የምትወስዱባት ጨዋታ መሰላችሁ?”

ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን ነካካና መካከለኛ መንገድ አመጣ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ነው። ከልዩ ፍላጎቶች ስድስት ተመርጠው አንድ ሩጫ ይሩጡ፣ ከጎል እስከ ጎል። በሥርዓት ጀምረው በሥርዓት ከጨረሱ ክፍለ ጊዜያቸው ይመለሳል። ካልሆነ ደብዳቤው ይጸናል።

“እሺ” ብዬ ወጣሁ። የገባኝ በሩ ላይ ስደርስ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለማግኘት የተፈተነ ሌላ ክፍል የለም። ሌላው በመወለዱ ያገኘውን የኔ ልጅ ሮጣ እንድታመጣው ነው “እሺ” ያልኩት። ተመልሼ እንዳልገባ ምላሴን ነከስኩ።

ለአምስቱ ሳምንት ሜዳ ተከለከለ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ እጇን ነከሰች።

ባለቤቴ ዝምተኛ ነው። ፊደል አልቆጠረምና የትምህርት ቤቱን ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ “እዚያ ገብቼ ምን እላለሁ?” ይላል። ክራቫት ላሰረ ሰው ሁሉ ኮፍያውን ያወልቃል። የተነከሰውን እጅ አየና “ድር ላይ ትግባ” አለ።

ሽመና ለማያውቅ ላስረዳ። ጨርቅ ከመሸመኑ በፊት ድሩ መዘርጋት አለበት። ባለቤቴ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቅያስ፣ በግንቡ ጥግ ጥግ ችካል ይተክላል። ክሩን ይዞ ከመጀመሪያው ችካል እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ክሩን በችካሉ ያዞርና ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል፣ ያዞራል፣ ይመለሳል። ለአንድ ጋቢ ከጠዋት እስከ ምሳ በእግሩ ነው። ሰው ሸማኔ ቀኑን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ይመስለዋል፤ ድር ሲያደራ አላየውም።

ክሩን ለልጃችን ሰጣት። የመጀመሪያ ቀን አወሳስባ አንድ ላይ ቋጠረችው። ባለቤቴ ቁጭ ብሎ እስኪመሽ ፈታው። በሁለተኛው ቀን ከፊቷ እየሄደ አሳያት፤ እስከ ችካሉ፣ ዞሮ፣ መመለስ። በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ሄደች። ዙሩን የሚቆጥረው እሱ ነው፤ ለእሷ ቢተውላት ሰባትን ዘላ ድሩን ታጎድለዋለች። ሲበቃ “ሞልቷል” ይላታል፣ ያን ጊዜ ትቆማለች። እሱ ካላላት ዝናብ ቢመጣ እንኳ አትቆምም።

ሳምንት ሳይሞላ ጠደፍ ጠደፍ ማለት ጀመረች። ክሩ ሲያልቅም ባዶ እጇን መሄድ ወደደች። ባለቤቴም የመጨረሻውን ችካል እየነቀለ አራቀው፣ ከጎረቤት በር አሳለፈው። ቅዳሜ ቅዳሜ የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ይዞ መምጣት አመጣ። ወሬው ለሌሎቹ እናቶች ደረሰና ለሩጫው የተመረጡት ሌሎቹ አምስት የክፍሏ ልጆችም መጡ። ልጄ ከፊት፣ አምስቱ ከኋላ፣ ያ የማይናገረው ልጅ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ፣ እስከ ችካሉ፣ ዞረው፣ መመለስ። መጀመሪያ በእርምጃ ነበር። በመጨረሻው ቅዳሜ በሩጫ ሆነ።

“ይሄ ከኔ ሜዳ ይሻላል” አለ መምህሩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

የልጄ እጅ ዳነ። እንቅልፏም ተመለሰ። እኔና ባለቤቴና መምህሩ ደስ ብሎን ዝም ብለን እናይ ነበር። ሦስት አዋቂ ሰዎች ነን፤ አንዳችንም አላሰብነውም።

የስፖርት ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተክሏል፣ ለእንግዶች ወንበር ተደርድሯል፣ ማይክራፎኑ ይጮሃል። ርዕሰ መምህሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ንግግር አደረገ፤ ድር የሚያውቀው ባለቤቴ ታጥቦ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ግቢ ረግጦ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያዳምጣል። “ና ወደ ወንበሮቹ” ስለው እምቢ አለኝ።

ስድስቱ ልጆች በአንደኛው ጎል መስመር ላይ ቆሙ። ሁሉም የስፖርት ጫማቸውን አስረዋል። ልጄ አባቷን ፈልጋ አየችው፣ እጇን አወዛወዘችለት። ፊሽካ ተነፋ።

ሮጡ! እንዴት ያለ አሯሯጥ! ልጄ ክንዶቿን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍታ፣ ቱታዋ እየተንሸራተተ፣ ከፊት ሆነች። ግቢው አጨበጨበ። የወዲያኛው ጎል ጋ ደረሰች። የጎሉን ብረት በእጇ ነካች፣ ዞረችውና ወደ መጣችበት ተመልሳ ሮጠች። አምስቱም አንድ በአንድ ብረቱን ነክተው፣ ዞረው፣ ተከተሏት።

እኛ ነን! ሦስት ሳምንት ሙሉ “እስከ ችካሉ፣ ዞረሽ፣ ተመለሽ” ብለን፣ ሩጫ መድረሻ ላይ እንደሚቆም የነገራት ሰው የለም። ሸማኔ ቤት ያደገች ልጅ ጫፍ ላይ የምትቆመው ለምን ብላ ነው? ክር ጫፍ ላይ ቆሞ ቢቀር ምን ጨርቅ ይወጣዋል?

“ኧረ ወዴት ነው!” አለ ማይክራፎን የያዘው። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። የስፖርት መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልጆቹ የመነሻውን ጎል ነክተው እንደገና ሲዞሩ ሳቁ ጨመረ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ መጣ። “አዩ እናት” አለኝ፣ በሐዘኔታ። ሐዘኔታው ነው ያነደደኝ። “መቼም አልገባቸውም። በሥርዓት ነበር ያልነው።”

“አንድ ጠየቃችኋት” አልኩት፣ “እሷ ሁለት ሰጠቻችሁ። አሁን ሦስተኛውን ልትሰጣችሁ ነው። ያልገባው ማን ነው?”

“እናት፣ ነገሩ...”

“ከንፈሯን ይዩ! ጠቁሯል? ይህች ልጅ እኮ ከሱቄ እስከ ቤት ዳገቱ ላይ አራት ጊዜ ነበር የምትቆመው!”

በዚያ ቅጽበት አጠገባችን ደርሳ አለፈች። “ሦስት!” አለች ጮክ ብላ። ራሷ እየቆጠረች ነበር።

አምስቱ ልጆች አንድ በአንድ እየደከማቸው ሳሩ ላይ ተቀመጡ፤ መጨረሻ የቀረው ያ የማይናገረው ልጅ ነበር፣ እሱም ተቀመጠ። ልጄ ብቻዋን ቀጠለች። ሩጫው ዝግ አለ፣ አንዳንዴ በእርምጃ ይሆናል፣ ግን አልቆመም። “አራት!” ስትል ሳቁ ቀነሰ። “አምስት!” ስትል ከኋላ የተቀመጡት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ማጨብጨብ ጀመሩ። “ስድስት!” ስትል አብረዋት ጮኹ። በሚቀጥለው ግቢው ሁሉ “ሰባት!” ለማለት አፉን ሲከፍት እሷ “ስምንት!” አለች። ጥቂት ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ “ስምንት!” አሉ። ሁለት ሺህ ጊዜ ያረምኳትን ቁጥር ግቢው ሁሉ እሷ እንዳለችው አለው።

ርዕሰ መምህሩ ላቡን ጠረገ። “አሁን ትወድቅና እኛ ነን የምንጠየቀው። ያስቁሟት እባክዎ። ትረፍ!”

“እኔ ብላት አትቆምም። የምትሰማው አባቷን ነው።” በእጄ አጥሩን አሳየሁት።

ሄደ። እኔም ተከተልኩ። ባሌን አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት አዲስ አበባ ሲኖር ለቀበሌ እሺ፣ ለነጋዴ እሺ፣ ክራቫት ላሰረ ሁሉ እሺ እያለ ነው የኖረው። ርዕሰ መምህሩን ሲያይ እንደ ልማዱ ኮፍያውን አወለቀ። በቃ፣ አለቀ አልኩ በሆዴ።

“አባት፣ ‘በቃ’ ይበሏት።”

ባለቤቴ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ልጁን አየ። እሷ የወዲያኛውን ብረት ነክታ እየዞረች ነበር። ርዕሰ መምህሩን አየ።

“ገና ነው” አለ። “አልሞላም።”

ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

ክፍለ ጊዜው ተመለሰ ወይ ለምትሉኝ፣ የመለሰ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አልደረሰንም። በተከታዩ ማክሰኞ ጫማዋን አስራ ሄደች፣ መምህሩም ፊሽካውን ነፍቶ አሥራ ሁለቱንም አወጣቸው። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው መስኮት ቆሞ አያቸው። አልወረደም። ሐሙስም አልወረደም። ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ አሁንም ሱቄ ውስጥ አለ፤ የጥለት ናሙና እጠቀልልበታለሁ።

በዚያ የስፖርት ቀን ግን እኔ፣ ባለቤቴና ርዕሰ መምህሩ ከአጥሩ ሥር ቆመን ነበር። ልጄ “ዘጠኝ!” ብላ አለፈች። እየተራመደች ነበር፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ላቧ ይንጠባጠባል። ባለቤቴን “እየቆጠርክ ነው?” አልኩት በሹክሹክታ።

“አልቆጠርኩም” አለ። “እሷ ትቁጠረው።”

“አሥር!” አለችና የጎሉን ብረት ይዛ ቆመች። ወደ አባቷ አየች። ዝም አለ። ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ እኛ መጥታ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆመችና ራሷ “ሞልቷል” አለችው።

እንዲህ ብላ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄደች። ከፊት ረድፍ፣ መሃል ላይ፣ ጨርቅ የለበሰ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። እሱ ላይ ተቀመጠች። እግሮቿን ዘረጋች፣ የተረፈ ውሃ ከጠረጴዛው አንስታ ጠጣች።

ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ ደርሶ፣ “እ... እናት፣ ማለቴ፣ እሱ እኮ የኔ...” አለ።

“ይተዉአት” አልኩት። “ትረፍ።”